ያረጀ ዕቃም ስፍራ አለው

በአሶሳና በአካባቢዋ የነበሩ አባቶችና እናቶች የቤታቸውን ዕቃ የሚያገኙት ከምድር ነበር። ቤቱና አጥሩ ቀርከሃ፥ ውሃ መቅጃው ቅል፥ ማሰሮውም ሸክላ ነበረ። የጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ባጋደሙት እንጨት ጫፍና ጫፍ ቅልና ቅርጫት አንጠልጥለው ይሄዱ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ የሚሄዱ አሉ። ቅሉ ቢሰበር፥ ቅርጫቱም ቢያረጅ ከጓሮ ይጣላል፤ ዝናም ያበሰብሰዋል፤ ምድርም የሰጠችውን መልሳ ትወስዳለች። ስለዚህ ከጓሮ መጣል ነውር አልነበረም።

አሁን ግን በዚያው ቤት ጀሪካን፥ የላስቲክ ከረጢት፥ ጠርሙስና የባትሪ ድንጋይ ገብቷል። ዕቃው ተለወጠ፤ ልማዱ ግን አልተለወጠም። ላስቲክ እንደ ቅል አይበሰብስም። ነፋስ በሜዳ ይበትነዋል፤ ላምና ፍየል ከሣር ጋር ይውጡታል፤ በሆዳቸውም ተቋጥሮ ይገድላቸዋል። ጐርፍም ወደ ወንዝ ይወስደዋል፤ የዳቡስና የበለስ ወንዞችም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። እንግዲህ ባንድ ጓሮ የተጣለ ነገር የጎረቤትን ላም ይገድላል፥ ከታች ያለውንም ሰው ውሃ ያቆሽሻል። ይህ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ባልንጀራን መበደል ነው።

አንዳንድ ሰው፦ ይህ የትልቅ ከተማ ነገር ነው፤ አሶሳን ምን አገባት? ይላል። ነገር ግን ትልቁም ከተማ ቀድሞ ትንሽ ነበረ። በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ጥራጊ ለብዙ ዓመት እየተከመረ ተራራ አከለ። በ2009 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን ክምሩ ተንዶ በአጠገቡ ያሉትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ተይዞ የሚጣለውን የላስቲክ ከረጢት የሚከለክል ሕግ አጸደቀ። ሕጉም ለአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ለአገሩ ሁሉ ነው።

በዚያችው ከተማ መልካም ምሳሌም አለ። ቁራሌው በየመንደሩ እየዞረ አሮጌ ቆርቆሮና ጠርሙስ ይገዛል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ በሚባለው ስፍራም የእጅ ሠራተኞች ያረጀውን ብረት ቀጥቅጠው ምድጃ ያደርጉታል፤ ከመኪና ጎማም ጫማ ይሠራሉ። ያንዱ ጥራጊ ለሌላው እንጀራ ሆነ።

ሆኖም መልሶ መጠቀምም አገባብ አለው። የተባይ መርዝ የነበረበትን ጀሪካን አጥቦ ውሃ የሚቀዳበት ሰው ቆጣቢ አይባልም፤ ማጠብ መርዙን ፈጽሞ አያጠራውምና ለልጆቹ መርዝ ያጠጣል። የባትሪ ድንጋይ የሚሰብር ልጅም፥ ላስቲክ በምድጃ የሚያነድ ቤትም ራሱን ይጎዳል። ማስተዋል የሌለበት ቁጠባ ጥፋት ነው።

ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያሻም፤ ሁለት የቀርከሃ ቅርጫት ይበቃል። ባንዱ የማንጎ ልጣጭ፥ የምግብ ትራፊና ቅጠል ይግባ፤ ይህ በጉድጓድ በስብሶ ለማሽላው ማዳበሪያ ይሆናል። በሁለተኛው ጠርሙስ፥ ቆርቆሮና ንጹሕ ፕላስቲክ ይግባ፤ ይህ ለሚገዛው ይሸጣል፥ ወይም በቤት ለሌላ ሥራ ይውላል። መርዝ የነበረበት ዕቃና የባትሪ ድንጋይ ግን ከሁለቱም ተለይቶ ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ፤ ስለ አወጋገዱም የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ።

ጌታችን አምስት ሺህ ሰው ከመገበ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ እንዳይጠፋ ደቀ መዛሙርቱን አሰበሰባቸው፤ 12 መሶብም ሞላ። ጥቂቱን እንጀራ ማብዛት የሚችል ጌታ ትራፊን ካልናቀ፥ ሰው ሊንቀው አይገባም።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦ፥ ኮሞና ሌሎችም ወገኖች ይኖራሉ። ቋንቋቸው ልዩ ልዩ ነው፤ የሚኖሩባት ምድር ግን አንዲት ናት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ጥራጊ ቢለይ አገር ንጹሕ ይሆናል፤ አንዱ ቤት ቸል ቢል ግን ጉዳቱ ለሁሉ ይደርሳል።