ጎራዴው የማን ነበር?

የመቅደላ ነገር ሲነሳ ሁላችንም አርበኞች ነን። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ከመቅደላ የተወሰደ ጋሻ እንግሊዝ አገር ኒውካስል ውስጥ ለጨረታ ሊቀርብ ነው ሲባል ስንቶቻችን ጮኽን! ጋሻው ከጨረታው ወረደ፤ በኋላም ወደ አገሩ ተመለሰ። እሰየው! አሁን ደግሞ ጩኸታችንን ትንሽ ወደ ራሳችን እናዙረው።

ለምሳሌ ወደ ቦንጋ። እ.ኤ.አ. በ1897 የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት የካፋን መንግሥት አፈረሰ። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው ከአገራቸው ወጡ። ዘውዱስ? ከምኒልክ እጅ ወደ ስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው አልፍሬድ ኢልግ፣ ከኢልግ ጋር ደግሞ ወደ ዙሪክ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሷል። የተመለሰው ግን ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ነው እንጂ ለቦንጋ አይደለም። ይህን ዘውድ የማረከው ጄኔራል ናፒየር አይደለም፤ እዚህ ጋ በፈረንጅ ማላከክ አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በ1905 ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ካፋ ገባ። የሰበሰበው ዕቃ ዛሬ ቪየና ነው፤ ስለ ካፋ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍም በጀርመንኛ ነው። እንግዲህ የቦንጋ ልጅ የአያቶቹን ዕቃ ማየት ቢያምረው ቪዛ ይጠይቅ?

ያ ዘመን አልፏል እንበል። ልማዱስ አልፏል? አዲስ አበባ ውስጥ ካፌው፣ ሆቴሉ፣ የባለጸጋው ሳሎን ጎራዴ፣ ጋሻና ጦር ሰቅሏል። የማን ነበር ብላችሁ ጠይቁ። «የጥንት ነው!» ከየት መጣ? «ከክፍለ ሀገር!» በቃ። ከካፋ ይምጣ ከጎጃም፣ ሁሉም «የጥንት» ነው።

ከዚህ ጋር የጥንት የአሜሪካ መኮንኖችን ጎራዴ የሚሰበስቡትን አነጻጽሩ። የ1850 ሞዴል ነው ወይስ የ1902? ማን ሠራው? ስም ተቀርጾበታል? በእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን ወታደሮች ለአዛዣቸው ጎራዴ ሲሸልሙ ስሙን ያስቀርጹ ነበር። ሰብሳቢው ስሙን ካገኘ የጦር መዝገብ ያገላብጣል፤ ባለቤቱ ከታወቀ ዋጋው ይንራል። ለገንዘብ ብለው ነው? ይሁን! ገንዘቡ የሚከፈለው ለታሪኩ ነው። የእኛ ሰው ግን የሚከፍለው ለዝገቱ ነው።

«ሰብሳቢ ባይገዛው ኖሮ ቀጥቅጠው ማረሻ ያደርጉት ነበር» የሚሉን አሉ። ምናልባት። ግን ብረቱን አድኖ ስሙን መግደል ምን ዓይነት ማዳን ነው? ማረሻ ቢሆን እንኳ የማን ጎራዴ እንደነበረ ቤተሰቡ ያውቃል። የባለቤቱን ስም፣ የቀበሌውን ስም፣ የተገዛበትን ቀን ወረቀት ላይ ማስፈር ስንት ብር ያስወጣል? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። ሕግ አላጣንም።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። የማን እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት ከባለቤቱ እጅ እንደወጣ የማይነግራችሁ ነጋዴ ጋ አትግዙ። ሳሎናችሁ ላይ የሰቀላችሁትም ጠይቁና ጻፉለት። ቦንጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የተመሠረተው ክልል መቀመጫ ናት፤ የቡና ሙዚየምም ተሠርቶላታል። ክልሉ ከካፋ የወጣውን ሁሉ፣ ቪየና ያለውንም አዲስ አበባ ያለውንም፣ በስም በስሙ ዘርዝሮ በአማርኛና በካፊኖኖ ያውጣልን። ዝርዝር የሌለው ሰው ምን ብሎ ነው «መልሱልኝ» የሚለው?

የቤታችንን ጎራዴ ባለቤት ስንለይ፣ ያኔ ለንደንን በሙሉ አፋችን እንጠይቃታለን።