ከደም ግፊት ጀርባ ያለው ሆርሞን እና የምሥራቅ አፍሪካ የምርመራ ክፍተት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ በመስከረም 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ዙሪያ 1.4 ቢሊዮን ሰዎች የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ግን ከአምስቱ የአንዱ ገደማ ብቻ እንደሆነ አስታውቋል። ድርጅቱ የሚመክራቸው መድኃኒቶች በሙሉ በአብዛኛው የሚገኙት በ28 በመቶ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገራት ብቻ ነው። በከፍተኛ ገቢ አገራት አሃዙ 93 በመቶ ነው። ሱዳን፣ ሶማሊያ፣ ደቡብ ሱዳንና ኡጋንዳ ከዝቅተኛ ገቢ አገራት መካከል ይመደባሉ።

ከዚሁ ሪፖርት ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ዋሽንግተን የሚገኘው የኢንዶክራይን ማኅበር አዲስ መመሪያ አወጣ። መመሪያው ማንኛውም የደም ግፊት ታማሚ አልዶስቴሮን የተባለው ሆርሞን በዝቶበት እንደሆነ እንዲመረመር ይመክራል። ቀደም ሲል ይህ ምርመራ የሚታዘዘው በዋናነት ግፊታቸው በመድኃኒት አልወርድ ላላቸው ወይም በደማቸው ውስጥ ፖታሲየም ላነሰባቸው ሰዎች ነበር።

አልዶስቴሮን የሚመነጨው ከኩላሊት በላይ ከሚገኙት አድሬናል ዕጢዎች ነው። ኩላሊት ጨውን እንዲያስቀር፣ ፖታሲየምን ደግሞ በሽንት እንዲያስወግድ ያዛል። ጨው ውኃን ስለሚይዝ የደም መጠን ይጨምራል፤ ግፊቱም ይወጣል። አሜሪካዊው ሐኪም ጀሮም ኮን ዕጢው ከሚገባው በላይ ሆርሞን ሲያመነጭ የሚከተለውን ሕመም የገለጸው በ1955 ነበር። ለረጅም ጊዜ ብርቅ ተደርጎ ቢታይም፣ ዛሬ በመደበኛ ሕክምና ከሚታዩ የደም ግፊት ታማሚዎች ከ5 እስከ 10 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንደሚገኝ ይገመታል።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የግፊት ልኬታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሰዎች መካከል፣ ሆርሞኑ የበዛበት ሰው ለስትሮክ፣ ለልብ ድካምና ለልብ ምት መዛባት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው መለኪያ ግን ሁለቱን አይለይም።

ጉዳዩ ለአፍሪካ በተለይ ይመለከታታል። በናይጄሪያ፣ በኬንያና በደቡብ አፍሪካ ተካሂዶ በ2017 የታተመ ጥናት፣ መድኃኒታቸው በሬኒንና በአልዶስቴሮን ልኬት ተመርጦ የተሰጣቸው ታማሚዎች ግፊት በተለመደው መንገድ ከታከሙት ይልቅ በተሻለ ሁኔታ መቆጣጠር መቻሉን አሳይቷል።

ይሁንና ምክሩን በተግባር ማዋል ቀላል አይደለም። የሆርሞን ምርመራ የተሟላ ላቦራቶሪ፣ የሰለጠነ ባለሙያና የማይቋረጥ የኬሚካል አቅርቦት ይፈልጋል። ግፊት የሚለካበት መሣሪያ እንኳ በሚያጥርበት ገጠር ጤና ጣቢያ ይህን መጠበቅ አዳጋች ነው። ውስን በጀትን በጥቂቶች ምርመራ ላይ ማዋል፣ ብዙኃኑ ለሚፈልጉት ተራ ክኒን የሚውለውን ገንዘብ ሊሻማ ይችላል።

መካከለኛ መንገድ ግን አለ። ሆርሞኑን የሚቃወመው ስፓይሮኖላክቶን ብዙ ዋጋ የማይጠይቅ አሮጌ መድኃኒት ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ይገኛል። ሦስት መድኃኒት እየወሰደ ግፊቱ አልወርድ ላለው ታማሚ ሐኪም ሊያስበው ይችላል። ይሁን እንጂ ፖታሲየምን ከልክ በላይ ሊያሳድግ ስለሚችል፣ በተለይ ኩላሊቱ ለተጎዳ ሰው ያለ ደም ምርመራ መስጠቱ አደገኛ ነው።

ስለዚህ ለአካባቢው መንግሥታት የሚቀርበው ጥያቄ የቅደም ተከተል ነው፦ በመጀመሪያ መለኪያና የማይቋረጥ መድኃኒት በየጤና ጣቢያው፣ ቀጥሎ የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ በየወረዳው፣ ከዚያም የሆርሞን ምርመራ በሪፈራል ሆስፒታሎች። የመጀመሪያው ሳይሟላ ሦስተኛው ብቻውን ብዙኃኑን አይደርስም፤ ሦስተኛው ከተዘነጋ ደግሞ መድኃኒቱን በወጉ እየዋጠ ግፊቱ የማይወርድለት ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ይኖራል።