ከጨረታው በፊት

በውጭው ዓለም ያረጀ ኮምፒውተር ዋጋው ሰማይ ከነካ ሰነባብቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሁለት መቶ ያህል ብቻ ተሠርቶ በ666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ይሸጥ ከነበረው አፕል 1 አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በጨረታ 905 ሺህ ዶላር አውጥቷል። የገዛው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ነው። የአሮጌ ኮምፒውተሮችን ዋጋ ያናረው ናፍቆት ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ማሽኖች በውስጣቸው ላለች ጥቂት ወርቅ ሲባል ተሰባብረዋል፣ ሌሎቹን ከባትሪያቸው የፈሰሰ ኬሚካል በልቷቸዋል፤ የተረፈው ተወደደ።

እኛ ዘንድ ግን ዋጋው የኪሎ ነው። እዚህ ወሎ፣ በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ፣ ሐይቅ ከተማም ሆነ አምባሰል፣ በንብረት ክፍል ጥግ አቧራ ለብሶ የተደራረበ ሞኒተር ብርቅ አይደለም። አስወጋጅ ኮሚቴ ይሰበሰባል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ቆራሌው ነው። ኮሚቴውን አልወቅስም፤ የተሰጠው ሥራ የማይሠራውን ለይቶ ማስወገድ ነው።

የእኛ አሮጌ ኮምፒውተር ግን ሌላው የሌለበት ጉዳይ አለበት። የግዕዝ ፊደል ለየፊደሉ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ደንብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ እነ አቶ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ፊደላችንን ኮምፒውተር ላይ ለማስፈር ሲደክሙ የጋራ ደንብ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር ይሰጣል። በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ከዩኒኮድ በኋላም ስንት ቢሮ በቪዥዋል ግዕዝ ለዓመታት ሠርቷል! ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ደብዳቤ ከፍቶ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ የገጠመው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የቀበሌ ቃለ ጉባኤ፣ የመምህር የፈተና ወረቀት፣ የአንድ ሰው ያልታተመ ልቦለድ በፍሎፒ ዲስክ ቀርቶ ከሆነ፣ ዲስኩ ብቻውን ዲዳ ነው። የተጻፈበት ሶፍትዌርና ዲስኩን የሚያነበው ማሽን አብረውት ካልቆዩ ጽሑፉ ሞተ ማለት ነው።

የአርዲቦ ውሃ ወርዶ በሚገባበት በሐይቅ፣ በእስጢፋኖስ ገዳም፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ዘመናትን ተሻግሮ ደርሶናል። ያቆየው ገበያ አይደለም። ማን እንዳስጻፈውና ለማን እንደተሰጠ በላዩ ላይ ተጽፏል፤ አደራ የተቀበለ ሰውም በየዘመኑ አልጠፋም። ያውም ብራናን ለማንበብ ዓይንና የግዕዝ ዕውቀት ይበቃል፤ የሠላሳ ዓመቱ ፍሎፒ ግን ከእሱ ይበልጥ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

የአሮጌ ኮምፒውተር ዋጋ እዚህም እንዲንር አልመኝም። ብራናዎቻችን በውጭ ገበያ ዋጋ ሲያወጡ ስንቱ ከአገር እንደወጣ እናውቃለን። የምመኘው መዝጋቢ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ተቋም አለው፤ አንድ ክፍል ይስጥ፣ ተማሪዎቹ ከየወረዳው ያረጀውን ይልቀሙ፣ የሚነሳውን ያስነሱ፣ በውስጡ የተገኘውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ ይመልሱ።

እናንተም ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ካለ፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ፍሎፒዎቹን ለዩ፤ ባትሪውን አውጡ፤ የማን እንደነበረና በምን ሶፍትዌር ይጻፍበት እንደነበር በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት።