ማውሷ የማን ናት?

ባለፈው ሴሚስተር ነው። የጋዜጣ ሌይአውት ፕራክቲካል ፈተና ላይ ተቀምጠናል፤ አንድ ገጽ በ60 ደቂቃ ሠርተን ማስረከብ አለብን። ግማሽ ያህሉን እንደጨረስኩ ስክሪኔ ላይ ያለችው ቀስት እንደ ሰካራም ትወላገድ ጀመር። እጄን ከማውሷ ላይ አነሳሁ። ቀስቷ ግን መሄዷን አልተወችም! «ቲቸር፣ ቫይረስ ገባብኝ!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ቫይረስ አልነበረም። ከጎኔ የተቀመጠችው ተማሪ ገመድ አልባ ማውሷ አልሠራ ብሏት ስትታገል ቆይታ፣ በመጨረሻ ከሥሯ ያለችውን ማብሪያ አግኝታ ስትነካት የተንቀሳቀሰው የእኔ ቀስት ኖሯል። የላብ ቴክኒሺያኑ መጥቶ ኮምፒውተሬን ከኋላ ሲያየው ሁለት ሪሲቨር ተሰክቶበታል፤ አንዷ የእኔ፣ አንዷ የእሷ። ከእኛ በፊት የገባ ሰው ነው እንግዲህ ያገኘበት የሰካት። ነቅሎ እሷ ጋ ሲሰካት ነገሩ ወዲያው አለቀ። ልጅቷ ግን እስከዚያ 20 ደቂቃ ያህል አልፏታል። ያ ጊዜ አልተጨመረላትም፤ ገጿም ሳያልቅ ተሰበሰበ።

ለምን ዝም እንዳለች በኋላ ጠየቅኳት። (እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም።) «አለማወቄ እንዳይታወቅብኝ ነዋ» አለችኝ። ካምፓስ ከመግባቷ በፊት ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። እኔስ መቼ አወቅኩ? ልዩነታችን እኔ መጮሄ ብቻ ነው።

ነገሩ ከባድ ሆኖ አይደለም። እንዲህ ዓይነቷ ማውስ ባትሪ ትፈልጋለች፤ ከሥሯ ማብሪያ አላት፤ ሪሲቨሯ ደግሞ ጥፍር የምታህል ነገር ስትሆን ብዙ ጊዜ የባትሪው ቤት ውስጥ ተወሽቃ ትገኛለች። እሷን ዩኤስቢ ላይ ሰክቶ ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ማውሷና ሪሲቨሯ ከፋብሪካ ተጋብተው ነው የሚመጡት። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሲነጋገሩ ሪሲቨሯ የምትሰማው የራሷን ማውስ ብቻ ነው። መልኳ አንድ ዓይነት የሆነ የሌላ ማውስ ሪሲቨር ብትሰኩላት ዞር ብላም አታያትም። ሎጊቴክ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ዩኒፋይንግ የሚባለው ሪሲቨር እስከ 6 ዕቃ ያስተናግዳል፤ የእኛ ላብ ማውሶች ግን ከዚያ ወገን አይደሉም። በብሉቱዝ የሚሠሩም አሉ፤ ሪሲቨር አይሹም፣ ኮምፒውተሩ ግን ብሉቱዝ ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ ሪሲቨሯ ከጠፋች ማውሷም አበቃላት ማለት ነው። የላባችንን መሳቢያ ከፍታችሁ እዩ፤ ምንም ያልሆኑ ማውሶች ሪሲቨር አጥተው ተኝተዋል። በእኔ እምነት ብዙ ሰው ለሚፈራረቅበት ክፍል ባለ ገመድ ማውስ ይሻላል። ሲሰኩት ይሠራል፤ ካልሠራም ገመዱን ተከትሎ የት እንደተሰካ ማየት ነው። ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፈጠራት የመጀመሪያዋ ማውስ ባለ ገመድ የእንጨት ሳጥን ነበረች፤ አይጥ የተባለችውም ገመዷ ጭራ ስለሚመስል ነው ይባላል። እኛ ጭራዋን ቆርጠን ዘመንን፤ ከዚያ የማን እንደሆነች ጠፋን።

«ገመዱም እኮ ይበጠሳል፣ ጠረጴዛም ያጣብባል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። ያሉትን ጥለን ዛሬውኑ አዲስ እንግዛም አላልኩም። ግን እስከዚያ ማውሷም፣ ሪሲቨሯም፣ ኮምፒውተሩም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይለጠፍ። ከፈተና በፊት ዕቃ መፈተሻ 5 ደቂቃ ይሰጠን። ዕቃው እምቢ ያለው ተማሪ የባከነበት ጊዜ ይመለስለት፤ የምንፈተነው ገጽ መሥራት እንጂ ሪሲቨር ፍለጋ አይደለም።

ፕላስተርና ማርከሩን እኔ አመጣለሁ። የላቡ ቁልፍ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ክፈቱልኝ።