አቦልን ጠጣን፤ ቶናውስ?

በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። ታኅሣሥ 10 ቀን የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና አገር ወደ ጠፈር ተተኮሰች። ይህንን ሁሉም ሰምቷል። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ግን ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ልዩ ልዩ አገሮች ስም ያወጡላቸውን ከዋክብትና ፕላኔቶች ሲያስታውቅ የእኛም አገር ድርሻ አብሮ ተነግሮ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባለ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይህንን የሰማ ስንት ሰው እንደሆነ እንጃ። ከክፍል ጓደኞቼ ብጠይቅ አንድ ብቻ አገኘሁ፤ እርሱም ቀልድ መስሎት ነበር።

ቀልድ አይደለም። ቡና በዓይን ብቻ የማይታይ፣ በጥሩ የእጅ መነጽር ግን ሊታይ የሚችል ኮከብ ነው። ከእኛ ያለው ርቀት ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይጠጋል። ይኸውም ዛሬ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ብርሃኑ ከዚያ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት፣ የየጁ ራሶች ደብረ ታቦር ተቀምጠው አገር በሚገዙበት ጊዜ ነው ማለት ነው። አቦል ደግሞ ከጁፒተር 4 እጥፍ የሚበልጥ ክብደት ያለው ግዙፍ ፕላኔት ነው። እንደሚገመተው እግር የሚቆምበት መሬት የለውም፤ ሁለንተናው ጋዝ ነው። ስለዚህ ስሙ ደስ ቢያሰኝም የእኛን ምድር የሚመስል አይደለም። ምድርን የሚመስለው ገና የሚፈለግ ነው።

እንዴት ይፈለጋል? ሌሊት ከማዶ ተራራ ላይ ችቦ ሲበራ አይተን እናውቃለን። በዚያ ችቦ ፊት አንዲት ትንኝ ብታልፍ ብርሃኑ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን እኛ ከዚህ ሆነን አንለየውም። ፕላኔት በኮከቡ ፊት ሲያልፍም እንደዚሁ ነው። የምድር ስፋት ከፀሐይ ስፋት 109ኛ እጅ ነው። 109ን በ109 ብናባዛው ወደ 12 ሺህ ይጠጋል። እንግዲህ በሌላ ኮከብ አጠገብ ያለ ተመልካች ምድራችን በፀሐይ ፊት ስታልፍ ቢያይ፣ የፀሐይ ብርሃን የሚጎድልበት ከ12 ሺህ አንድ እጅ ብቻ ነው። ይህ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ መምህራችን በፈተና ቢያወጡት አንቀየማቸውም።

ይህንን ያህል ጥቂት ጉድለት ከምድር ሆኖ መለካት እጅግ አስቸጋሪ ነው። አየሩ ብርሃኑን ያርገበግበዋል፤ ቀን ሲሆን ሥራው ይቋረጣል፤ ስለ ክረምቱማ ነፋስ መውጫ የኖረ ሰው ይናገር፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ጭጋጉ ኮከብ ቀርቶ የጎረቤትን ቤት አያሳይም። ስለዚህ ኬፕለር የተባለው ቴሌስኮፕ በየካቲት 2001 ዓ.ም. ከአየሩ በላይ ተላከና ለ4 ዓመት ያህል ዓይኑን ሳይነቅል ወደ 150 ሺህ የሚሆኑ ከዋክብትን ተመለከተ። ከዚያም አንዳንድ ክፍሎቹ ተበላሽተውበት ሥራውን በሌላ መንገድ ቀጥሎ እስከ ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ቆየ። ከ2 ሺህ 600 በላይ ፕላኔቶች የተገኙት በእርሱ ነው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የጥንቃቄያቸው ነገር ነው። ብርሃኑ አንድ ጊዜ ቢቀንስ ፕላኔት ነው አይሉም። ሁለት ጊዜም ቢሆን ገና ነው። በእኩል ጊዜ ልዩነት ሦስት ጊዜ መታየት አለበት፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደ ማለት ነው። ምድርን የመሰለ ፕላኔት ኮከቡን የሚዞረው በዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን ሦስቱን ለማየት ዓመታት መጠበቅ ግድ ነው። እኛ አገር ይህ ዓይነቱ ትዕግሥት እንግዳ አይደለም። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር የመጨረሻ ምስክርነቱን ለማግኘት ከሩቅ አገር ተነሥቶ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይመጣል እንጂ፣ ድምፁ አማረ ተብሎ በመንደሩ መምህር አይባልም።

«ምድርን የሚመስል» ስንል ምን ማለታችን ነው? የእኛን አውራጃ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከአባይና ከበሽሎ ሸለቆ ቆላ ተነሥቶ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ እስካለው እስከ ጉና ተራራ ውርጭ ድረስ የወጣ ሰው፣ ሙቀት ሲለዋወጥ እህሉም እንደሚለዋወጥ ያውቃል። በየኮከቡ ዙሪያም ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ አለ። ሊቃውንቱ የሚፈልጉት በወይና ደጋው ውስጥ የሚዞረውን፣ ውኃው ሳይተን፣ በረዶም ሳይሆን ሊቆይበት የሚችለውን ፕላኔት ነው። በ2006 ዓ.ም. መጠኑ ከምድር ጋር የተቀራረበ ፕላኔት በዚህ ክልል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ትራፒስት 1 በተባለች ትንሽ ኮከብ ዙሪያ ምድርን በመጠን የሚቀራረቡ 7 ፕላኔቶች መኖራቸው ተነገረ። ጋዜጦችም ወዲያው «ሁለተኛዋ ምድር» ማለት ጀመሩ።

በእኔ አስተያየት ይህ አባባል አሳሳች ነው። ቬነስ በመጠኗ የምድር እኅት ትባላለች፤ ነገር ግን የገጽዋ ሙቀት 460 ዲግሪ ገደማ ሆኖ እርሳስ ያቀልጣል። ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. የተተኮሰው ጄምስ ዌብ የተባለው ታላቅ ቴሌስኮፕም ከትራፒስት ፕላኔቶች ለኮከቧ እጅግ ቅርብ የሆነውን መርምሮ አየር አለው የሚያሰኝ ምልክት አላገኘበትም። መጠንና ርቀት ብቻ ምስክር አይሆኑም ማለት ነው።

ስማዳ የሚኖር ገበሬ አጎቴ ይህን ነገር ሳጫውተው ሞፈሩን እየጠረበ «እዚያስ ዝናብ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳቅሁ። በኋላ ሳስበው ግን ትልልቆቹ ጠበብት በብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚጠይቁት ይህንኑ ጥያቄ ነው። ቀጥሎም «መሬታችንን ጎርፍ እየወሰደው አንተ ሰማይ ትቆጥራለህ» አለኝ። ይህ ተግሣጽ እውነት አለበት፤ ከወላጆችም ብዙዎች የሚሉት ነው። ፕላኔት ፍለጋ እንጀራ እንደማይጋግር አምናለሁ። የተገኘውም ምድር መሸሻ አይሆነንም፤ ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ የሆነው ኮከብ እንኳ 4.2 የብርሃን ዓመት ርቆ ስላለ፣ ቮየጀር 1 በምትሄድበት ፍጥነት ቢኬድ ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። የስማዳ አፈር ከሄደ ምትክ የለውም።

ሆኖም አጎቴን በአንድ ነገር አልስማማበትም። ያቺ በ2012 ዓ.ም. የተተኮሰችው ሳተላይት ወደ ታች የምትመለከት፣ እርሻንና አካባቢን ለማጥናት የተሠራች ነበረች። ወደ ላይ የሚያየውንም ወደ ታች የሚያየውንም የሚሠራው አንድ ዓይነት ትምህርት ነው፤ ሒሳብና ፊዚክስ ነው። እኛ ደግሞ ከዚያ እየሸሸን ነን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከፍርሃታችን አንዱ ምክንያት፣ ሒሳቡ ምን እንደሚያገኝ አለማየታችን ይመስለኛል።

አቦልን ስም ያወጣንለት እኛ ነን፤ ያገኙት ግን ሌሎች ናቸው። ለዚህም ሰበብ ብዙ ይቀርባል፤ ድህነት፣ የመሣሪያ እጦት፣ ጦርነት። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ኬፕለር የሰበሰበውም የብርሃን መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ ገንዘብ አይጠየቅበትም። በ2005 ዓ.ም. ሁለት በጎ ፈቃደኞች፣ የሙያው ሰዎች ሳይሆኑ፣ ያንን መዝገብ በኮምፒዩተር ሲመለከቱ በአራት ከዋክብት መካከል ያለ አንድ ፕላኔት አግኝተዋል። የእኛም ትምህርት ቤት ጥቂት ኮምፒዩተሮች አሉት፤ መብራት ባለ ቀን ይሠራሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተሮቹ መዝገቡን ማየት ለሚፈልጉ ተማሪዎች ይፈቀዱ፤ ኔትወርክ ከሌለም መዝገቡ ከከተማ በፍላሽ ተገልብጦ ይምጣ። ደግሞም በዓመት አንድ ሌሊት ከወላጆቻችን ጋር በሜዳው ላይ ሰማይ እንመልከት። ቡና ያለበት የሰማይ ክፍል በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ቀኑን የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ይቁረጥ፤ እኔ ግን አጨዳው ካለቀ በኋላ፣ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ቢሆን እመርጣለሁ። ጀበናውን እናቴ ታመጣለች፤ ጠይቄያታለሁ።