ስሙ ሲለወጥ ደጁ ይቀርባል ወይ?

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ በ1950 ዓ.ም. የተወለደ አንድ አባት፣ ከቀዬው ንቅንቅ ሳይል፣ አድራሻው ስንት ጊዜ እንደተለወጠ እስቲ እንቁጠር። በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ተወለደ፤ በሸዋ ክፍለ ሀገር ትዳር ያዘ፤ በኦሮሚያ ክልል ልጅ ዳረ፤ በፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ጡረታ ወጣ፤ ዛሬ ደግሞ የሸገር ከተማ ነዋሪ ነው። ቤቱ ግን ያው ቤት ነው።

እኛ ዕጩ መምህራን ይህ ሁሉ ለፈተና የሚሸመደድ የስም ዝርዝር ሆኖ መቅረት የለበትም እንላለን። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ስሙ በተለወጠ ቁጥር ሥልጣኑና ገንዘቡ ወደ ነዋሪው ደጅ ቀርቧል ወይ? ቀርቦስ ከሆነ፣ ነዋሪው ሹሙን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል ወይ?

እንደሚታወቀው በ1934 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፋፈለች። ገዢውም ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኛ እንዲሆን ተደረገ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ሹመቱ ከላይ ስለሚመጣ የገዢው ፊት ወደ ሿሚው እንጂ ወደ ባላገሩ አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ትእዛዝ ቢወጣም ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀረ። ሐሳቡ ወረቀት ላይ አማረ፣ መሬት ላይ ግን አልወረደም።

በ1967 ዓ.ም. ጠቅላይ ግዛት ክፍለ ሀገር ተባለ። በዚያው ዓመት በገጠር የገበሬ ማኅበር፣ በከተማ ደግሞ ቀበሌ ተቋቋመ። እዚህ ላይ በእርግጥ ደጁ ቀረበ። ቀበሌው ዝቅተኛውን የቤት ኪራይ ይሰበስባል፣ በፍርድ ሸንጎው ጎረቤት ከጎረቤት ያስታርቃል፤ በኋላም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሰው ፊደል እንዲቆጥር አስተባብሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ቀበሌ በወረዳ ከተተካ ስንት ዓመት ሆኖት እንኳ ሰው ዛሬም «የቀበሌ ቤት» ማለቱን አልተወም። ነገር ግን ያው ቅርብ ደጅ በቀይ ሽብር ዘመን ወጣት የሚታሠርበትና የሚመረመርበት ደጅ ሆኗል። ስለዚህ ቅርብ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ የማይጠየቅ ሹም ሲቀርብ ከሩቁ ይብሳል።

ከዚያ ወዲህም ካርታው አላረፈም። በ1980 ዓ.ም. ሸዋ ተከፋፈለ። በ1984 ዓ.ም. ክልሎች መጡ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥና ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ በአንቀጽ 50 ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች በጀት በጥቅል ለወረዳ መሰጠት ጀመረ። ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል፤ የአስተማሪው ደመወዝ ከወረዳው ካዝና የሚወጣ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን በጀቱን ደመወዝ ይጨርሰውና ለጠመኔና ለወንበር የሚተርፈው እፍኝ ነው። ሥልጣን ያለ ገንዘብ፣ ጎተራ ያለ እህል ማለት ነው።

ወደ ራሳችን ከተሞች ስንመጣ፣ ሱሉልታ ከሰሜን ሸዋ፣ ቡራዩ ከምዕራብ ሸዋ ተወስደው በ2000 ዓ.ም. በልዩ ዞን ተጠቃለሉ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና ለገጣፎ ለገዳዲ አንድ ላይ ሸገር ከተማ ተብለው በ12 ክፍለ ከተማ ተዋቀሩ። «አንድ ላይ መሆን ለመንገድ፣ ለውኃ፣ ለፕላን ይበጃል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቢሮጡ የትም አይደርሱም። ሆኖም በካርታ ላይ የሚሰመር መስመር በሰው እርሻ ላይ እንደሚያልፍ መርሳት አይገባም። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ያስነሣው ተቃውሞ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቶበት፣ ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሠርዟል። ሳይጠየቅ የተካለለ ሰው ዝም ቢልም ተስማምቷል ማለት አይደለም።

ይህ ጣጣ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ካውንቲዎች ብዙዎቹ ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው፤ ግን ለረጅም ዘመን ያስተዳደሯቸው የንጉሥ ሹሞች ነበሩ። ሕዝብ የሚመርጠው የካውንቲ ምክር ቤት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1888 በወጣ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሩትላንድ የምትባለውን ትንሽ ካውንቲ ከጎረቤቷ ከሌስተርሽር ጋር ደባለቋት፤ ነዋሪው ስሟን አልጥልም አለ፤ በ1997 የራሷን ምክር ቤት መልሳ አገኘች። ሹም ያወጣውን ስም ሌላ ሹም ይለውጠዋል፤ ሕዝብ የእኔ ያለው ግን ይቆያል።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ የአካባቢ ሳይንስ የምናስተምረው እኛው ነን። ልጁ የዓለምን ወንዞች በቃሉ እየወጣ የወረዳው ምክር ቤት ምን እንደሚሠራ ካላወቀ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው። በመሆኑም፦

አንደኛ፣ ተማሪዎች አያቶቻቸውን ጠይቀው የሰፈራቸውን የቀድሞ ስሞችና አስተዳደር በደብተር እንዲይዙ እናድርግ። አባቶች በሕይወት ሳሉ ያልተጠየቀ ነገር በኋላ አይገኝም።

ሁለተኛ፣ ተማሪዎችን ይዘን የወረዳ ጽሕፈት ቤት እንጎብኝ፤ በጀቱ ስንት ነው፣ ለትምህርት ስንት ደረሰ ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ ነውር አለመሆኑን ልጅ የሚማረው ከመምህሩ ነው።

ሦስተኛ፣ መምህራኖቻችን ይህን ትምህርት በማስተማር ልምምድ ጊዜያችን እንድንሞክረው ይፍቀዱልን፣ ይምሩን።

ወደፊትም ስም መለወጡ አይቀርም። እኛ የምናስተምረው ልጅ ግን አዲስ ታፔላ በተሰቀለ ቁጥር «ከዚህ ቤት ለእኛ ምን ይመጣል? ካልመጣስ ማንን እንጠይቃለን?» ማለት ከቻለ፣ ድካማችን ከንቱ አልሆነም። ሐሳባችንን የሚቃወም ካለ ይጻፍ፤ ግድግዳው የሁላችንም ነው።