ከኳስ ሜዳ በኋላ ወዴት?

የሰው ልጅ ሙያ ሁሉ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ሆኖም የመምህሩ፣ የሐኪሙና የዳኛው ሙያ ከዕድሜ ጋር እየበሰለና እየከበረ ሲሄድ፣ የእግር ኳስ ተጫዋች ሙያ ግን ባለቤቱ ጎልማሳነቱን ገና ሲጀምር ያበቃል። ሐኪሙ በ33 ዓመቱ «ገና ልጅ ነው» ይባላል፤ ኳስ ተጫዋቹ በዚያው ዕድሜ «አረጀ» ይባላል። ይህ በዓለም ሁሉ ያለ ነገር ስለ ሆነ ብቻውን አያስደንቅም። የሚያሳስበው፣ አረጀ የተባለው ወጣት ከዚያ በኋላ በምን እንደሚተዳደር አስቀድሞ ያሰበለት አለመኖሩ ነው።

ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ጎንደር የተገባች ከተማ ናት። በ2013 ዓ. ም. ፋሲል ከነማ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ባነሣ ጊዜ የከተማው ሕዝብ የተደሰተውን ደስታ የሚረሳ የለም። ከዚያ ወዲህ በደባርቅም ሆነ በዳባት ደጋ የጨርቅ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ሁሉ ከ«አፄዎቹ» አንዱ ለመሆን ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከነዚያ ልጆች አብዛኞቹ ዋናው ሊግ አይደርሱም። የደረሱትም ቢሆኑ አንድ ቀን መውረዳቸው አይቀርም። ከወረዱ በኋላ ትምህርት ያላቋረጠው ወደ ቢሮ፣ ዕድል የቀናው ወደ አሠልጣኝነት ሲሄድ፣ የቀረው የሚሄደው ጉልበት ወደሚሸጥበት ቦታ ነው፤ ይኸውም ወደ ሕንፃ ሥራ፣ ወደ ድንጋይ ካባ፣ ወይም በመኸር ጊዜ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሰሊጥ እርሻ ነው።

<b>የቀድሞው ተጫዋች በምን ይኖር ነበር?</b>

ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ. ም. የተባበረችውን ዓረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ቫሳሎ በአሥመራ ተወልዶ ያደገ፣ በሙያው መካኒክ የነበረ ሰው ነው። በደርግ ዘመን ካገር ወጥቶ በሮማ አጠገብ በምትገኘው በኦስቲያ ሲሰደድ፣ የአፍሪካ ዋንጫ አምበልነቱ እንጀራ አልሆነውም። እንጀራ የሆነው ያ የመካኒክነት እጁ ነው። እዚያው የመኪና መጠገኛ ጋራዥ ከፍቶ ኖረ፤ ልጆችንም ኳስ አስተማረ። በመስከረም 2015 ዓ. ም. አረፈ።

ይህ የአንድ ሰው ብልሃት ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን የነበሩት ታላላቅ ክለቦች ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ክለቦች ነበሩ። መቻል የጦር ሠራዊቱ፣ ኦሜድላ የፖሊስ፣ ጥጥ ማኅበር የድሬዳዋው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ መብራት ኃይልም ስሙ እንደሚናገረው የመብራት ኃይል ነበር። ተጫዋቹ ባንድ በኩል ኳስ የሚጫወት፣ በሌላ በኩል የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ጫማውን በሰቀለ ማግሥት ግን የሚገባበት የሥራ በር አላጣም።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ተጫዋቹ ሙሉ ጊዜውን ለኳስ ይሰጣል፤ ውሉ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው፤ ገንዘቡ ካለፈው ዘመን ጋር አይወዳደርም። በ2011 ዓ. ም. ክለቦችና ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው እንደ ነበር ይታወሳል። ስለዚህ የቀድሞው ተጫዋች ትንሽ ገንዘብና ቋሚ ሥራ ነበረው፤ ያሁኑ ብዙ ገንዘብ ይዞ ሥራ አጥቷል።

«ይህን ያህል የተከፈለው ሰው ባያስቀምጥ ጥፋቱ የራሱ አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ሒሳብ ይስጠን። አንድ ተጫዋች ከ21 ዓመቱ እስከ 33 ዓመቱ 12 ዓመት ቢጫወትና የጡረታ ዕድሜው 60 ቢሆን፣ በመካከል 27 ዓመት ይቀራል። የያንዳንዱ ወር ደመወዝ ለዚያው ወርና ከዚያ በኋላ ለሚመጡ ከሁለት ለሚበልጡ ወሮች መብቃት አለበት ማለት ነው። 50,000 ብር ያኔ የተወሰነው ጣሪያ ነበር እንጂ ሁሉም የሚያገኘው አልነበረም፤ ከዋናው ሊግ በታች ያሉት ደግሞ ወደዚያ አይቀርቡም። በሐምሌ 2016 ዓ. ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብር ዋጋ እንዴት እንደ ወረደም ሁላችን አይተናል። በዚህ ላይ አባትና እናት፣ ወንድምና እኅት ከደጋው ሆነው የልጃቸውን እጅ ይጠባበቃሉ፤ እርሱም እንቢ አይልም።

የባለጠጋ አገሮችም ታሪክ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር እስከ 1961 እ. ኤ. አ. ድረስ የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ20 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። እ. ኤ. አ. በ1966 የዓለምን ዋንጫ ከወሰዱት እንግሊዛውያን አንዱ ሬይ ዊልሰን ኳስ ካቆመ በኋላ በቀብር አስፈጻሚነት ሥራ ኖሯል። ሰውየው በሥራው አላፈረም፤ የሚያሳፍርም አይደለም።

<b>ሁለቱ ጉልበቶች</b>

በኛ ቋንቋ «ጉልበት» ስንል ኃይልንም፣ እግር የሚታጠፍበትን መገጣጠሚያም ማለታችን ነው። ኳስ ተጫዋቹን የሚያሳስተው ይኸው ነው። ሰው ሁሉ «እርሱማ ጠንካራ ነው፤ ስፖርተኛ ነው» ብሎ ሸክሙን ያሸክመዋል። እርሱም ያምናል። እውነቱ ግን ለ12 ዓመት ሲጠመዘዝ፣ ሲመታና ሲወድቅ የኖረ ጉልበት ከእኩያው ገበሬ ጉልበት ይልቅ የደከመ መሆኑ ነው። የጉልበቱ ጅማት አንድ ጊዜ የተበጠሰ፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ልስልስ አጥንት የተቀደደ ሰው፣ በደረጃ ሲወርድና ሸክም ይዞ ሲዞር እግሩ ድንገት ሊከዳው ይችላል። የቀድሞ ተጫዋቾች በጉልበት የመገጣጠሚያ ሕመም ከሌላው ሰው ይበልጥ እንደሚሠቃዩ የሕክምና ሰዎች ያውቁታል።

አሁን ይህን ሰው በሦስተኛ ፎቅ ከፍታ በባሕር ዛፍ በተሠራ ፖንቴ ላይ አርማታ ተሸክሞ እንየው። ዝናብ የመታው እንጨት ያዳልጣል፤ ምስማሩ ይላላል፤ ጠርዙ መከላከያ የለውም፤ ቀበቶና የራስ ቆብም ብዙ ጊዜ አይታይም። ግንበኛው ወይም ፌራዮው ከልጅነቱ ጀምሮ የትኛው እንጨት እንደሚታመን በእግሩ ተምሯል። አዲስ የመጣው የቀን ሠራተኛ ግን ይህን ለመማር ጊዜ አላገኘም። በድንጋይ ካባም እንዲሁ ነው፤ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል፤ ለዓመታት የተማገ የድንጋይ ብናኝ ሳንባን ያደርቃል። ወደ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደውን የደጋ ሰው ደግሞ ወባና ካላ አዛር ይጠብቁታል። ስለ ካላ አዛር የሚጠራጠር ቢኖር በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለውን የሕክምና ማዕከል ይጠይቅ።

ይህን ማለታችን የእጅ ሥራን ለማጥላላት አይደለም። የፋሲልን ግንብ ያቆመው የድንጋይ ጠራቢና የግንበኛ እጅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባለእጅን በሥራው የሚሰድበውን በአዋጅ የከለከሉትም ሙያን ማዋረድ አገርን ማደኸየት መሆኑን ስለ ተረዱ ነው። የምንለው ሙያና ጉልበት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ቫሳሎን ያኖረው ሙያው ነው። ሙያ የሌለው ሰው የሚሸጠው ጉልበቱን ብቻ ነው፤ ኳስ ተጫዋቹ ደግሞ ያንን አስቀድሞ ሸጦታል።

<b>ሕግ አለ፤ የሚያውቀው ግን ማን ነው?</b>

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ ሠራተኛ ብዙ አስቦለታል። አሠሪው የደኅንነት መሣሪያ ማቅረብ፣ ሠራተኛውንም ስለ ሥራው አደጋ ማስተማር ግዴታው ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የተጎዳው ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት 3 ወሮች ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለሚከተሉት 6 ወሮች ከ50 በመቶ የማያንስ ያገኛል። ጡረታ የሌለው ሠራተኛ ፈጽሞ መሥራት የማይችል ከሆነ የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ይከፈለዋል። ውሉ በጽሑፍ ባይሆን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ ማስረጃ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይጠፋም።

ነገር ግን ማለዳ ከመንገድ ዳር ተጠርቶ ማታ የቀኑን ሒሳብ ተቀብሎ የሚሄድ ሰው፣ ከፖንቴ በወደቀ ጊዜ የማን ሠራተኛ እንደ ነበር በምን ያስረዳል? የሕንፃው ባለቤት ወደ ተቋራጩ፣ ተቋራጩ ወደ ንዑስ ተቋራጩ፣ እርሱም ወደ ግንበኛው ይጠቁማል። እንግዲህ ሕጉን ከወረቀት ወደ ሥራ ቦታ የሚያወርደው ሰው ያስፈልጋል። ያም ሰው፣ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሆይ፣ አንተ ነህ።

<b>ምን ይደረግ?</b>

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን መድኃኒቱ ጫማው ከመሰቀሉ በፊት መሆን አለበት። አንደኛ፣ ተጫዋቹ ውል ሲፈርም ስለ ደመወዙ ብቻ ሳይሆን ስለ ጡረታ መዋጮውና ስለ ጉዳት መድኅኑ ይጠይቅ። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ የተጫዋቹም ውል ይህን ወይም ይህን የመሰለ ነገር ሊይዝ ይገባል። ሁለተኛ፣ ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን ሙያ እንዲማሩ ያድርጉ። ጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ልምምድ ቀኑን ሙሉ አይፈጅም። ኤሌክትሪክ፣ መካኒክነት፣ የስፖርት ሳይንስ የተማረ ተጫዋች በ33 ዓመቱ ሁለተኛ ሙያ ይጀምራል እንጂ ከባዶ አይነሣም። ሦስተኛ፣ ክለቡ ተጫዋቹን ሲያሰናብት ጉልበቱን በሐኪም አስመርምሮ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚስማማውና እንደማይስማማው የሚገልጽ ወረቀት ይስጠው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሲያሠለጥን ዓመታት ስላስቈጠረ ለዚህ የሚሆን ሰው አይጠፋም። አራተኛ፣ የሥራ ተቆጣጣሪዎች ወደ ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ወደ ሕንፃው ፖንቴና ወደ ድንጋይ ካባው ይውጡ።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣን ወጣቶች እሑድ እሑድ ስለ ኳስ ስንከራከር ማን ወደ የት ክለብ እንደ ተዛወረ በቃላችን እንናገራለን። ካምና የተሰናበተው የት እንደ ገባ ግን አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። በስታዲየም ስሙን እየጠራን ያጨበጨብንለት ሰው ነገ በመሥሪያ ቤታችን መስኮት የጉዳት ካሳ ማመልከቻ ይዞ ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ «ነገ ተመለስ» እንዳንለው፣ ዛሬ አዋጁን ገልጠን እናንብብ።